ቀጠሮው በማን ሰዓት ነው?

ብዙ የኮምፒዩተር ሥራ የሚከናወነው ሰው በተኛበት ነው። የባንክ የዕለት ሒሳብ የሚዘጋው፣ የመረጃ ቋት ግልባጭ የሚቀመጠው፣ የክፍያ ማስታወሻ የሚዘጋጀው፣ ከመለኪያ መሣሪያዎች የተሰበሰበው ንባብ ወደ ማኅደር የሚገባው በአመዛኙ ማሽኖቹ ሥራ በማይበዛባቸው የሌሊት ሰዓቶች ነው። እነዚህን ሥራዎች ቆሞ የሚያስጀምር ሰው የለም። በሰርቨሩ ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም አስቀድሞ በተሰጠው ቀጠሮ መሠረት ይቀሰቅሳቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ ቀጠሮ አስከባሪ ፕሮግራም ስለ ሰዓት ምን እንደሚያውቅ፣ ይበልጡንም ምን እንደማያውቅ ነው። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም አንድ ሥራ ሳይሠራ እንዲቀር ወይም ሁለት ጊዜ እንዲሠራ የሚያደርግ ስሕተት በውስጡ ተደብቋል፤ ሥራው የሰው ደመወዝ ወይም ዕዳ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ መሠራቱ ካለመሠራቱ የከፋ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ፕሮግራሞች መካከል በዕድሜ አንጋፋ የሆነውና ዛሬም በስፋት የሚሠራበት፣ የዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አካል የሆነው ክሮን ነው። ስሙ የመጣው በግሪክኛ ጊዜ ማለት ከሆነው «ክሮኖስ» ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ ይገኛል። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው። በየደቂቃው ይነቃል፤ ሰዓቱን ያነባል፤ በቀጠሮ ሰንጠረዡ ላይ ካሉት መስመሮች ከንባቡ ጋር የሚገጥም ካገኘ ሥራውን ያስጀምራል፤ ከዚያም ተመልሶ ይተኛል። እያንዳንዱ መስመር አምስት ቦታዎች አሉት፤ እነርሱም ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወርና የሳምንቱ ቀን ናቸው። ለምሳሌ «30 2 * * *» ተብሎ ቢጻፍ፣ ኮከቡ «ሁሉም» ማለት ስለሆነ፣ ሥራው በየቀኑ 02:30 ላይ ይጀመራል። (በዚህ ጽሑፍ እንደ 02:30 ባለ መልክ የምንጽፈው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን የፈረንጆች የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ስንናገር «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል» እያልን በቃል እንገልጻለን።)

አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገው በዚህ መስመር ውስጥ የሌለውን ነገር ነው። የቦታ ስም የለም። 02:30 የማን ነው? የአዲስ አበባ? የኒው ዮርክ? ወይስ ሰርቨሩ በተቀመጠበት ከተማ? ክሮን የሚያነበው ማሽኑ የተስተካከለበትን ሰዓት ብቻ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ሥራውን ከሚጠብቀው ሰው በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊገኝ ይችላል።

ጥያቄውን በትክክል ለመመለስ በመጀመሪያ አንድ የቋንቋ ጉዳይ ማጥራት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ሰዓት» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ተሸክሟል። አንደኛው የ60 ደቂቃ ቆይታ ነው። ሁለተኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መሣሪያ የሚያሳየው ንባብ ነው። ሦስተኛው «ሰዓቱ ደረሰ» ስንል የምናስበው፣ ለሁሉም አንድ የሆነ ቅጽበት ነው። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን ያሉ ሁለት ወንድማማቾች በስልክ ሲነጋገሩ ቅጽበቱ አንድ ነው፤ ንባቡ ግን ሁለት ነው። (አንስታይን ቅር ሊለው ይችላል፤ በምድር ላይ ላሉ ኮምፒዩተሮች ቀጠሮ ግን «ቅጽበቱ አንድ ነው» የሚለው ግምት ከበቂ በላይ ነው።) በዚህ ርዕስ ከሚፈጠሩት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ቅጽበትን ከንባብ፣ ንባብን ደግሞ ከቆይታ ጋር በማምታታት ነው።

ኮምፒዩተር ቅጽበትን የሚያውቀው በመቁጠር ነው። በዩኒክስ ልማድ ቆጠራው የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከ00:00 ነው። ይህ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለፉት ሰከንዶች ብዛት በየትኛውም አገር አንድ ነው። ዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በምሕጻረ ቃል ዩቲሲ የሚባለው፣ የተመሠረተው በአቶሚክ ሰዓቶች ላይ ሲሆን፣ አንድ ሰከንድ ከሲዝየም 133 አቶም የሚወጣ የተወሰነ ጨረር 9,192,631,770 ጊዜ የሚወዛወዝበት ቆይታ ነው። የምድር መሽከርከር ከዚህ ጋር ፍጹም ስለማይጣጣም፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት 27 ተጨማሪ ሰከንዶች ገብተዋል። ይህ አሠራር እስከ 2035 ድረስ እንዲለወጥ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም አቀፍ ጉባኤ ተወስኗል። ለቀጠሮ ሥራ የአንድ ሰከንድ ጉዳይ እምብዛም አያሳስበንም። የሚያሳስበን የሙሉ ሰዓቱ ነው።

ቅጽበትን ወደ ንባብ ለመለወጥ በመጀመሪያ ፀሐይን እንከተል። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። አዲስ አበባ በግምት 38.75 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች። ይህን ለ15 ብናካፍል፣ በፀሐይ ብቻ ብንመራ ኖሮ ከግሪኒች የምንቀድመው በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ እንደሆነ እናገኛለን። ሕጋዊው ሰዓታችን የሚቀድመው ግን በ3 ሰዓት ነው፤ ይህም በአገራችን ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሶማሌ ክልል በኩል የሚያልፈው የ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ሰዓት ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ፀሐይ ከፍተኛው ነጥብ ላይ የምትደርሰው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን በአማካይ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ያለው ተማሪ በጥላው ርዝመት ሊያረጋግጠው ይችላል፤ ከአንዱ ወር ወደ ሌላው በደቂቃዎች የሚለዋወጥ ንባብ ቢያገኝ ግን ዘንጉን አይውቀስ፤ ምክንያቱ ምድር ፀሐይን የምትዞርበት ምሕዋር ሞላላ፣ ዛቢያዋም ያዘመመ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ፊዚክስ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ፊዚክስ አይደለም፤ ሕግ ነው። የአንድ አገር ሰዓት ከዩቲሲ በስንት እንደሚለይ የሚወስነው መንግሥት ነው፤ መንግሥትም ሐሳቡን ይለውጣል። ሳሞአ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ የቀን መለወጫው መስመር በሌላ በኩሏ እንዲያልፍ ስለወሰነች፣ ዲሴምበር 30 የሚባል ቀን በዚያ ዓመት አልነበራትም። ግብጽ እ.ኤ.አ. በ2016 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ልትገፋ ጥቂት ቀናት ሲቀሯት ውሳኔዋን ሰረዘች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ግን መልሳ በሕግ አስጀመረችው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚሠሩባት ሊባኖስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 መንግሥት ሰዓት የሚገፋበትን ቀን ዋዜማው ሲቃረብ በአንድ ወር ገደማ አራዘመ። አንዳንድ ተቋማት ውሳኔውን አንቀበልም በማለታቸው፣ ውሳኔው እስኪሻር ድረስ በአንዲት ትንሽ አገር ውስጥ ለጥቂት ቀናት ሁለት ሰዓት ሠራ። በእነዚያ ቀናት «በቤይሩት ከጧቱ 09:00» የሚል ቀጠሮ የተሰጠው ኮምፒዩተር ትክክል ሊሆን የሚችልበት መንገድ አልነበረም ማለት ይቻላል።

የሰዓት ክልል ማለት እንግዲህ አንድ ቁጥር አይደለም። «ሲደመር 3» የሚለው ልዩነት በአዲስ አበባም፣ በሪያድም፣ በሞስኮም፣ ካይሮም ሰዓቷን በገፋችባቸው ወራት ይሠራል። አራቱ ከተሞች ግን ታሪካቸውም የነገ ዕጣቸውም የተለያየ ነው። ቁጥሩን ብቻ የመዘገበ ሰው የዛሬውን ፎቶግራፍ ይዟል፤ ሕጉን ግን አልያዘም። ለዚህ ነው ኮምፒዩተሮች በከተማ ስም የሚጠሩ የሰዓት ክልሎችን የሚጠቀሙት። «አፍሪካ/አዲስ አበባ»፣ «አሜሪካ/ኒው ዮርክ» እየተባለ የየቦታው የሰዓት ሕግ ታሪክ የተመዘገበበት የመረጃ ቋት አለ። አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባሉ አሜሪካዊ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስጀመሩት ሲሆን፣ ከ2011 ወዲህ የኢንተርኔት ቁጥሮችንና ስሞችን በሚያስተዳድረው ተቋም ሥር ይገኛል። መንግሥታት ሕግ በለወጡ ቁጥር አዲስ እትም ይወጣል። እትሙን ያላደሰ ሰርቨር በአሮጌ ሕግ ይሠራል፤ ሥራውንም የሚሠራው ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ፣ በሙሉ እርግጠኝነት ነው።

የጎደለ ሌሊትና የተደገመ ሌሊት

በሰሜኑ የዓለም ክፍል በሚገኙ ብዙ አገሮች ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ ይለወጣል። «የበጋ ሰዓት» ይሉታል፤ ስያሜው ለእኛ አንባቢ አሳሳች ነው፤ የእነርሱ በጋ የሚውለው በእኛ ክረምት ነውና። የኒው ዮርክን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2025 (የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም) ሌሊት፣ ሰዓቱ ከ01:59 ቀጥሎ 03:00 ሆነ። ይህ በአዲስ አበባ ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። በዚያች ሌሊት 02:30 የሚባል ንባብ በኒው ዮርክ አልታየም። ከላይ የጠቀስነው «30 2 * * *» የሚል ቀጠሮ ምን ይሆናል? ፕሮግራሙ ንባብን ከንባብ ጋር ብቻ የሚያስተያይ ከሆነ፣ የሚገጥም ደቂቃ ስላላገኘ ሥራው ያለ ምንም የስሕተት መልእክት ይቀራል።

የመጸው ሌሊት ደግሞ በተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2025 (ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም) ሰዓቱ 02:00 ሊሞላ ሲል ወደ 01:00 ተመለሰ። ስለዚህ 01:30 ሁለት ጊዜ መጣ፤ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ቀጥሎም ከጧቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ። ለ01:30 የተቀጠረ ሥራ ሁለት ጊዜ ሊጀመር ይችላል። ሥራው ግልባጭ ማስቀመጥ ከሆነ ጉዳቱ ጥቂት የዲስክ ቦታ ነው። ከደንበኞች ሒሳብ ወርኃዊ ክፍያ መቀነስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በዴቢያን ሊኑክስ የሚሠራበት ክሮን፣ ፖል ቪክሲ እ.ኤ.አ. በ1987 ከጻፉት የመጣው፣ ለዚህ ዘዴ አለው። ለውጡ ከሦስት ሰዓት ያነሰ ከሆነ፣ የተዘለለውን ሥራ ከለውጡ በኋላ ወዲያው ያስጀምራል፤ የተደገመውንም ሁለተኛ አያስጀምረውም። መልካም ነው። ነገር ግን ሁሉም ቀጠሮ አስከባሪ እንዲህ አያደርግም፤ አንዳንዱ ይዘላል፣ አንዳንዱ ይደግማል። የማሽኑን ጠባይ ሳያውቁ በሌሊት ከ01:00 እስከ 03:00 ባለው ጊዜ ውስጥ ቀጠሮ መስጠት፣ ሰዓት በሚለዋወጥበት አገር፣ በእኛ አስተያየት ያለ ምክንያት አደጋ መጋበዝ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ነገር አለ። በማርች የሚለወጠው ቀን 23 ሰዓት፣ በኖቬምበር የሚለወጠው ደግሞ 25 ሰዓት አለው። የአንድ ከተማ የዕለት የኤሌክትሪክ ፍጆታ «ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት» ቢደመር፣ በእነዚህ ሁለት ቀናት ያለ ምክንያት የቀነሰ ወይም የጨመረ ይመስላል። «ነገ በዚሁ ሰዓት» እና «ከ24 ሰዓት በኋላ» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ንባብ ነው፣ ሁለተኛው ቆይታ ነው። አንድ የሙቀት መለኪያ በየ6 ሰዓቱ እንዲያነብ የሚፈልግ ተመራማሪ የሚያስፈልገው ቆይታ ስለሆነ ቀጠሮውን በዩቲሲ ይስጥ። ሱቁን በየቀኑ ጧት 08:00 የሚከፍት ነጋዴ የሚያስፈልገው ግን ንባብ ነው።

«ሁሉንም በዩቲሲ አድርግ» የሚለው ምክር

ለዚህ ሁሉ ችግር ባለሙያዎች በተለምዶ የሚሰጡት አንድ መልስ አለ፤ ሰርቨሩን በዩቲሲ አስተካክል፣ ሁሉንም ነገር በዩቲሲ መዝግብ፣ ለሰው ስታሳይ ብቻ ለውጠው። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ይሁንና ግማሽ እውነት ነው ብለን እናምናለን። ላለፈ ነገር ፍጹም ይሠራል። አንድ ክፍያ የተፈጸመበት ቅጽበት አንዴ ካለፈ የማንም መንግሥት ሕግ አይለውጠውም። ለወደፊት ቀጠሮ ግን ምክሩ ሊያሳስት ይችላል።

የሚከተለውን እናስብ። በዋሽንግተን የሚኖር አንድ መምህር ለአዲስ አበባ ተማሪዎች በየቅዳሜው በኢንተርኔት የፊዚክስ ትምህርት ይሰጣል፤ የሚጀምረው በእርሱ ሰዓት 10:00 ነው። ፕሮግራሙ በየሳምንቱ ለተማሪዎቹ የማስታወሻ መልእክት ይልካል። ቀጠሮው የተያዘው በጥር ነው እንበል። በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ወደኋላ ትገኛለች። ስለዚህ 10:00 ማለት በዩቲሲ 15:00፣ በእኛ ደግሞ ከቀኑ 12 ሰዓት ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው ምክሩን አክብሮ «ቅዳሜ 15:00 ዩቲሲ» ብሎ መዘገበ። በማርች ሁለተኛው እሑድ የዋሽንግተን ሰዓት ተገፋ፤ ልዩነቱም 7 ሰዓት ሆነ። መምህሩ እንደ ልማዱ በ10:00 ይቀርባል፤ ይህም አሁን በዩቲሲ 14:00፣ በእኛ 11 ሰዓት ነው። ማስታወሻው ግን የሚደርሰው 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ተማሪዎቹ ሲገቡ መምህሩ አንድ ሰዓት አስተምሯል።

ስሕተቱ የሒሳብ አይደለም። መምህሩ የሰጠው ቀጠሮ ቅጽበት አልነበረም፤ «በዋሽንግተን 10:00» የሚል ንባብ ነበር። ወደ ዩቲሲ ሲለወጥ የቦታው ስም ጠፋ፤ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ከቁጥሩ ተነሥቶ መልሶ ማግኘት አይቻልም። ትክክለኛው አመዘጋገብ ንባቡንና የክልሉን ስም አንድ ላይ ማስቀመጥ፣ ቅጽበቱን ግን ቀጠሮው ሲቃረብ በወቅቱ ባለው ሕግ ማስላት ነው። ቀጠሮው የአዲስ አበባ ተማሪዎችን ሰዓት የሚያከብር ነው ከተባለም ይቻላል፤ ያኔ የሚንቀሳቀሰው የመምህሩ ሰዓት ይሆናል። ማን እንደሚንቀሳቀስ መወሰን የሰዎቹ ፋንታ ነው፤ ማሽኑ ሊገምተው አይችልም። ሌላ ተማሪ ከለንደን ቢጨመር ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ አውሮፓ ሰዓቱን የሚገፋው በማርች የመጨረሻ እሑድ ስለሆነ፣ በኒው ዮርክና በለንደን መካከል ያለው የ5 ሰዓት ልዩነት ለጥቂት ሳምንታት 4 ይሆናል።

የሶፍትዌር ሠሪዎችም ይህን ቀስ በቀስ ተቀብለውታል። በብዙ ማሽኖች ላይ ሥራ በሚያሰማራው ኩበርኔቲስ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የሰዓት ክልል ስም መስጠት የሥርዓቱ ቋሚ አካል የሆነው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ሥራው ራሱ መከላከያ ሊኖረው ይገባል። «የኖቬምበር 2 ሒሳብ» የሚል መለያ ይሰጠው፤ ሲጀምር ይህ መለያ በተፈጸሙት ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ይመልከት፤ ካለ ይመለስ። ሌላ ተቆጣጣሪ ደግሞ ጧት ተነሥቶ ያልተፈጸመ መለያ መኖሩን ይጠይቅ። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ሌሊቱን ቢያድርም ይኸው መከላከያ ያገለግላል፤ ተራው ክሮን ጠፍቶ ሳለ ያመለጠውን ቀጠሮ ተመልሶ አይሠራምና።

በእኛ አገር

ኢትዮጵያ ሰዓቷን በየወቅቱ አትለውጥም፤ እኛ ዘንድ የጎደለ ሌሊት የለም። ችግሮቻችን ሌሎች ናቸው። ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን በተጫኑባቸው ኮምፒዩተሮች ሰዓቱ በ3 ሰዓት ሲዘባረቅ ያየ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ምክንያቱ በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት ዊንዶውስ እንደ አካባቢ ሰዓት፣ ሊኑክስ ግን በተለምዶ እንደ ዩቲሲ ስለሚያነቡት ነው። ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት የሆነውም ለዚህ ነው።

የአቆጣጠራችን ጉዳይ ይከተላል። የሥራ ኃላፊው «ማታ 2 ሰዓት ላይ ይሂድ» ቢልና ፕሮግራም ጸሐፊው በሰዓት ቦታ 2 ቢጽፍ፣ ሥራው የሚጀመረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። መጻፍ የነበረበት 20 ነው። ይህ የሰዓት ክልል ልዩነት አይደለም፤ የአሰያየም ልዩነት ነው፤ ቅጽበቱ ያው ሆኖ የቆጠራው መነሻ ብቻ ይለያያል። ኮምፒዩተራቸው የሐበሻ ሰዓት እንዲያሳይ ሲሉ ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደኋላ የሚመልሱ አሉ። እንዲህ ሲደረግ የተለወጠው ስያሜው ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ ቅጽበቱንም ስቷል፤ የሚልከው ደብዳቤና የሚጽፈው ፋይል ሁሉ የተሳሳተ ጊዜ ይይዛል። ይልቅ በልዩነቱ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ወደኋላ የምትገኘውን የቦነስ አይረስን ክልል ቢመርጡ ንባቡ ይገጥምላቸዋል፤ ቅጽበቱም አይበላሽም፤ ቀኑም የሚለወጠው በእኛ ልማድ እንደሚሆነው ጎሕ ሲቀድ ነው። ብልሃቱ ያስቃል እንጂ አንመክረውም፤ አርጀንቲና ነገ ሕጓን ብትለውጥ የአዲስ አበባ ቢሮ ሰዓት ይዛባል።

የቀን አቆጣጠሩ ከዚህ ይከብዳል። ክሮን የሚያውቀው የጎርጎርዮስን ወሮች ብቻ ነው። የእኛ ወር መባቻ ጳጉሜንን ጨምሮ በፈረንጆቹ ወር ከ6ኛው እስከ 12ኛው ባሉት ቀናት መካከል ይንሸራተታል፤ መስከረም 1 እንኳ አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ ከጳጉሜን 6 በኋላ ደግሞ 12 ነው። በአንድ መስመር መግለጽ ስለማይቻል፣ የሚሻለው ሥራውን በእነዚያ ቀናት ሁሉ መቀስቀስና ራሱ የኢትዮጵያን ቀን አስልቶ «ዛሬ አንድ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው።

ለተማሪዎች አንድ ጥያቄ እንተዋለን። በዩቲሲ የተስተካከለ አንድ ሰርቨር አለ። በእርሱ ላይ በአዲስ አበባ ሰዓት በየሰኞው ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚጀመር ሥራ መቅጠር ይፈለጋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት 02:00 ስለሆነ፣ በዩቲሲ የእሑድ 23:00 ይሆናል፤ ስለዚህ በሳምንቱ ቀን ቦታ የሚጻፈው ሰኞ ሳይሆን እሑድ ነው። እስከዚህ ቀላል ነው። አሁን ሥራው በየሳምንቱ መሆኑ ቀርቶ በየፈረንጅ ወሩ የመጀመሪያ ቀን፣ በዚያው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሁን ቢባል፣ በአምስቱ ቦታዎች ምን ይጻፋል? የካቲት ላይ የሚውለውን የፌብሩዋሪ መጨረሻ ሳይረሱ ይሞክሩት።